የወለሉ ድምፅ

ሰው ቤት ሲገዛ ወይም ሲከራይ አስቀድሞ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ ቀጥሎም ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አድርጎ ይመረምራል፤ በሩንም ከፍቶ ይዘጋል። ወለሉን ግን፥ በላዩ ቆሞ ሳለ፥ የሚመረምረው ጥቂት ነው። እግር የረገጠውን ነገር ዐይን ይንቀዋልና። ወለልም ትዕግሥተኛ ስለ ሆነ ብዙ ዘመን ሳይናገር ይሸከማል። መናገር የጀመረ ዕለት ግን የቤቱ ሰው ሁሉ «ይህ ወለል አስቸገረን» ይላል እንጂ «ምን ሊነግረን ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ታሪክ አንድ ወለል ሳይጠየቅ ዝም እንዲል ስለ ተገደደበት ቤት፥ በኋላም ስለ ተጠየቀበት ቀን ነው።

በአዲስ አበባ፥ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፥ በሠራተኛ ሰፈር አጠገብ አንድ አሮጌ ቤት አለ። መሠረቱ ድንጋይ፥ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ እንጨትና ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ ከወለሉ በታች ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለው። ይህን የመሰለ ቤት በከተማው የመጀመሪያ ዘመን ብዙ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የህንድ፥ የአርመንና የግሪክ ግንበኞችና አናጢዎች ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ሆነው ሰገነት ያላቸውን፥ ወለላቸውም ጣውላ የሆነውን ቤቶች ሠርተዋል። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፥ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ በከፊል ቢጎዳውም፥ ወደ ውስጡ የገባ ሁሉ የዚያን ዘመን ጣውላ ድምፅ ያስታውሳል። የወለል ጣውላ የሚሰነጠቀው ከአገሩ ጥድና ዝግባ ነበር፤ ይልቁንም ጥድ ሽታው የሚጥም፥ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው ስለ ሆነ የተመረጠ ነው። ከሥር የሚሸከመው አግዳሚ ግን ብዙ ጊዜ ከባሕር ዛፍ ይደረግ ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ከተማውን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ ችግር ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ዳሩ ግን እርጥብ ሳለ የተሠራበት እንደ ሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም።

በዚህ ቤት የሚኖረው አንድ የሒሳብ መምህር ነው። አባቱ ቤቱን የገዙት ሚስት ባገቡበት ዓመት፥ በ1956 ዓ.ም. ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ያከራዩት የነበረው ሌላው ቤታቸው ተወስዶ ይህ ብቻ ቀረላቸው። አባቱ በ1994 ዓ.ም. ዐረፉ። እናቱ ግን በ2016 ዓ.ም. 79 ዓመት ሆኗቸው በልጃቸውና በምራታቸው መካከል ይኖሩ ነበር።

የእኒህ እናት የዐይን ብርሃን ከደከመ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ቀን ከሌሊት ለመለየት ይችላሉ፤ የሰው መልክ ግን አይለዩም። ይሁን እንጂ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ቤት የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ያውቁ ነበር። ጣውላው ይነግራቸው ነበርና። ምራታቸው ተረከዛቸውን አስቀድመው ስለሚረግጡ ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል። የልጅ ልጃቸው ሁለቱን ጣውላ ዘላ ሦስተኛውን ትረግጣለች። እንግዳ ሰው የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ወለሉ ባልተለመደ ቦታ ይጮኻል፤ በዚያን ጊዜ «ወንበር ስጡ እንጂ፤ ሰው ቆሞ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ስለዚህ የቤቱ ሰዎች በገቡ ጊዜ ስማቸውን የመናገር ልማድ አልነበራቸውም። ወለሉ ስለ እነርሱ ይናገር ነበር።

መምህሩም በወጣትነቱ ይህን የእናቱን ጥበብ በሚገባ ተምሮት ነበር። ከሲኒማ አምሽቶ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን ተጠግቶ ይራመዳል፤ ጣውላው በግድግዳው ጥግ አጥብቆ የተመታ ስለ ሆነ እንደ መካከሉ አይጮኽምና። ዳሩ ግን ከመድረኩ ገባ እንዳሉ የሚገኘው ሦስተኛው ጣውላ መሸሻ የሌለው ነበር። ከወዲያኛው ክፍል እናቱ «ገባህ?» ይላሉ፤ እርሱም «ገባሁ» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር።

ይህ ሦስተኛ ጣውላ በእናቱ ልብ ሌላ ነገር ነበረው። የእናቱ ታናሽ ወንድም ተማሪ ሳለ ከእነርሱ ጋር ይኖር ነበር። ረጅምና ሰውነቱ የሞላ ወጣት ስለ ነበረ ያንን ጣውላ ሲረግጠው ድምፁ ከሌላው ሰው ይልቅ ይወፍር ነበር። በ1970 ዓ.ም.፥ በቀይ ሽብር ጊዜ፥ አንድ ማታ ወጥቶ አልተመለሰም። የት እንደ ወደቀ የነገራቸው የለም፤ መቃብሩም አልታወቀም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ነበር፤ ጎረቤትም ጎረቤትን ለማጽናናት ይፈራ ነበር። እኒህ እናት ያን ሌሊት እስኪነጋ ድረስ ጆሯቸውን ወደ ደጁ አድርገው ተቀመጡ፤ በማግሥቱም እንደዚሁ፤ በሳምንቱም እንደዚሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድማቸው በቤት ውስጥ ብዙ አልተናገሩም። ነገር ግን ከመሸ በኋላ ያ ጣውላ ሲጮኽ ቀና ማለታቸውን አልተዉም። የቤቱ ሰዎች ይህን ያዩ ነበር፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን አንደበቱን አላቆ የተናገረ አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመምህሩ ልጅ ወንድ ልጅ ወልዳ ለመታረስ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ሕፃኑም እንቅልፉ ቀላል ነበር። አንድ ሰው ውሃ ለመጠጣት በሌሊት የተነሣ እንደ ሆነ ወለሉ ሲጥ ይላል፤ ሕፃኑም ነቅቶ ያለቅሳል፤ እናቲቱ ታባብለዋለች፤ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። የመምህሩ ሚስት ይህ በተደጋገመባቸው ጊዜ «ይህን እንጨት አስነቅለን ሲሚንቶ እናስፈስስበት፤ በላዩም ሴራሚክ እናስነጥፍና እንገላገል» አሉ። እናቱ ይህን ሰምተው ለጊዜው ዝም ካሉ በኋላ «ወለሉ ምን በደላችሁ? እኔ እኮ በእርሱ ነው የማያችሁ» ብለው መለሱ። ሚስቱም ክፉ ሴት አልነበሩምና ቃሉ ልባቸውን ነክቶት ከዚያ ወዲያ ስለ ሲሚንቶ አላነሡም። የሕፃኑ ለቅሶ ግን አልቀረም።

መምህሩ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ነበር። እውነቱን ለመናገር እርሱ ከወለሉ ጋር ሲታገል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ባለፉት ዓመታት በጮኸ ቍጥር መዶሻ አንሥቶ አንድ ምስማር ይጨምርበት ነበር፤ ለአንድ ወር ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያም ይብስበታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ድምፁን ያፍናል ብሎ በሳሎኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎበት ነበር። በመጨረሻ እናቱ የማይሰሙት ሚስቱም የሚወዱት መፍትሔ ይገኝ እንደ ሆነ ለመጠየቅ በሰፈሩ የታወቁትን አንድ ሽማግሌ አናጢ አስጠራ።

አናጢው በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ጧት መጡ። መዶሻም መጋዝም አላወጡም። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ብቻ ሆነው ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ተራመዱ፤ በጮኸ ቦታ ሁሉ ጎንበስ ብለው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ምልክቱም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ መስመር፥ አንዳንዱ ላይ ክብ፥ ከደጁ አጠገብ ግን የመስቀል ቅርጽ አሠመሩ።

«ጋሼ፥ ምልክቱ ስለ ምን ተለያየ?» አለ መምህሩ።

«ድምፁ ስለ ተለያየ ነዋ፥ ልጄ» አሉ አናጢው። «እንጨት ሁሉ በአንድ ምክንያት አይጮኽም። አንተ ተማሪ ቢያለቅስ ሁሉንም በአንድ ዱላ ነው የምትመታው?»

ከዚያም ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ አስረዱት። እንጨት ከተቈረጠም በኋላ ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፤ ለአየሩም ይመልሳል። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኰማተራል። ይህም በርዝመቱ ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ በወርዱ ግን እርጥቡ እንጨት እስኪደርቅ ድረስ ከ100 እጅ ከ3 እስከ 10 እጅ ሊቀንስ ይችላል። ምስማሩ ብረት ስለ ሆነ ከእንጨቱ ጋር አብሮ አያብጥም፤ አብሮም አይኰማተርም። ስለዚህ ከዓመት ዓመት ቀዳዳው እየሰፋ ጣውላው ከአግዳሚው፥ አናጢዎች ሞራሌ ከሚሉት፥ ጥቂት ይለያያል። ሰው ሲረግጠው ወርዶ ይገናኛል፤ እግሩን ሲያነሣ ተመልሶ ይነሣል፤ በዚህ መካከል እንጨቱ ከምስማሩ ጋር ይፋተጋል፤ ይኸው ነው ድምፁ። ይህ በክብ የተመለከተው ነው። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ሲፋተግ ደግሞ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፤ እርሱ በመስመር የተመለከተው ነው። በሌሊት ማንም ሳይረግጠው ጧ የሚለውስ? እርሱ ቀን የሞቀው እንጨትና ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ነው፤ ጕዳት የለበትም፥ መድኃኒትም አያሻውም።

«በምስማር ላይ ምስማር መጨመር ያው ቀዳዳ ማብዛት ነው» አሉ። «ለስላሳ ምስማር እንደ ገባ ይወጣል። ቪቴ ግን በጥርሱ ነክሶ ይይዛል።»

«መስቀሉስ?» አለ መምህሩ።

አናጢው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እርሱ ጣውላው አይደለም የሚጮኸው» አሉ። «ተረገጠ ጊዜ ድምፁ ከሥር ይመጣል፤ ጣውላውም ከሚገባው በላይ ይወርዳል። ሳናነሣው አልናገርም።»

እናቱ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ነገሩን ሁሉ ይሰሙ ነበር። «ወንድሜ፥ የትኛውን ነው የምታነሡት?» ብለው ጠየቁ።

«ከመድረኩ ሦስተኛውን ነው፥ እሜቴ።»

እናቱ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። መምህሩ እናቱን አየ፤ ደግሞም አናጢውን አየ፤ ሊከለክል ፈለገ። እናቱ ግን «ይነሣ» አሉ።

የፕላስቲኩ ምንጣፍ በተጠቀለለ ጊዜ ከሥሩ እንደ ጓዳ የከረመ የእርጥብ ሽታ ወጣ። የጣውላው ፊት ብዙ አልተበላሸም ነበር፤ ጥድ ነውና። አናጢው ምስማሮቹን አንድ በአንድ በጕጠት ነቀሉ፤ ሦስተኛውንም ጣውላ በዝግታ አነሡ። ከዚያም ካቻቪቴያቸውን ይዘው ከሥር ያለውን የባሕር ዛፍ ሞራሌ ጫፉን ወጋ አደረጉት። ብረቱ እንደ ዳቦ ውስጥ እስከ እጀታው ገባ። አጠገቡ ያለው ሞራሌም ጫፉ እንደዚያው ነበር። ሁለቱም ከድንጋዩ መሠረት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በስብሰው፥ ወለሉን ይዞት የኖረው የጣውላው ጥንካሬ ብቻ ነበር። ሌላ አንድ ክረምት ቢያልፍበት ኖሮ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ደጅ የሚወጣ ሰው እግሩን ይሰብር ነበር። በዚያ ጣውላ ላይ በየጧቱ ምርኵዛቸውን ይዘው ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጡት ደግሞ እናቱ ነበሩ።

አናጢው ከዚህ በኋላ ወደ ውጭ ወጥተው የመሠረቱን ድንጋይ ዙሪያውን ዞሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቍሮ ነበር። «ይህን ቤት የሠራው ሰው ዐዋቂ ነበር» አሉ። «ከወለሉ በታች አየር እንዲመላለስ በአራቱም ወገን ቀዳዳ ትቶለታል። እንጨት ከ100 እጅ 20 እጅ ውሃ እስካልያዘ ድረስ አይበሰብስም፤ ነፋስ የሚያገኘው እንጨት ደግሞ ይህን ያህል ውሃ አይዝም። አሁን ግን አራቱም ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል። ማን ነው ይህን ያደረገው?»

መምህሩ ወዲያው አልመለሰም። በ2003 ዓ.ም. አይጥ ቤቱን ባስቸገረ ጊዜ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጁ የደፈነው እርሱ ነበር። በዚያን ቀን ሚስቱ አመስግነውት ነበር፤ እርሱም ራሱን እንደ ባለሙያ ቈጥሮ ነበር። እነሆ ዐሥራ ሦስት ዓመት አየር የተከለከለው ወለል ከሥር እርጥቡን፥ ከላይ ፕላስቲኩን ተሸክሞ ሲጮኽ ኖሯል፤ እርሱም በጮኸ ቍጥር በመዶሻ መትቶታል። «የቀድሞ ባለቤት ይሆናል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አናጢው አያውቁም፤ እናቱም አያዩም።

ከዚያም ወደ እናቱ ሄዶ በወንበራቸው አጠገብ በጉልበቱ ተቀመጠና «እማዬ፥ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ስለ ቀዳዳው፥ ስለ ጭቃውና ስለ ምንጣፉ ሁሉንም ነገራቸው። «እናንተን የሚጥል ጕድጓድ ስቆፍር የኖርሁ እኔ ነኝ» አለ።

እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ፈልገው አገኙት። «እኔስ?» አሉ። «ከጥቂት ዓመት ወዲህ የዚያ ጣውላ ድምፅ እንደ ተለወጠ ሰምቻለሁ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ወፍሮ ነበር። ወንድሜ ይረግጠው በነበረ ጊዜ እንደሚያሰማው ሆኖ ነበር። ስለዚህ ደስ እያለኝ ዝም አልሁ። ከነገርኋችሁ ታሠሩታላችሁ ብዬ ፈራሁ።» ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሰው ልጃቸው ከእናቱ አፍ የሰማው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ሥራው ስምንት ቀን ወሰደ። አናጢው እያንዳንዱን ጣውላ ከማንሣታቸው በፊት ወደ ቦታው እንዲመለስ በጀርባው ቍጥር ጻፉበት። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ፥ ብዙ ዘመን የደረቀ የጥድ ሞራሌ ተገዛ፤ «እርጥብ እንጨት ከገዛችሁ ከዓመት በኋላ ትጠሩኛላችሁ» ብለው ነበርና። የበሰበሰው ጫፍ እስከ ጤናማው ድረስ ተቈርጦ ከጎኑ አዲሱ ሞራሌ በቡለን ታሰረ። ከድንጋዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበቱ ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ሬንጅ የተቀባ ወረቀት ከሥሩ ተደረገ። ጣውላውና ሞራሌው በተለያዩበት ቦታ ኮላ የተቀባ ቀጭን ሽብልቅ ገባ። መምህሩ ይህን ሽብልቅ በመዶሻ ሊመታው ባነሣ ጊዜ አናጢው እጁን ያዙት። «በእጅህ ግፋው፤ በቃው ሲል ተወው» አሉት። «በኀይል ከመታኸው ጣውላውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ አንዱን ድምፅ ስታጠፋ ሁለት ትወልዳለህ።»

ጣውላዎቹ ሲመለሱ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ ተበሳለት፤ ርዝመቱ የጣውላውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ተኩል የሚያህል ቪቴም ገባበት። ጎን ለጎን በሚፋተጉት መካከል ደግሞ ዱቄት ያስፈልግ ነበር። ለዚህም የመምህሩ ልጅ የሕፃኑን ፓውደር አመጣች፤ አናጢውም እየነሰነሱ በብሩሽ ወደ ስንጥቁ አስገቡት። የዚያን ዕለት ሳሎኑ ሕፃን ሕፃን ሸተተ። በመጨረሻም አራቱ ቀዳዳዎች ተከፈቱ፤ አይጥ እንዳይገባባቸውም የሽቦ ወንፊት ተደረገባቸው። ዋጋው ከጭቃው ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። የፕላስቲኩ ምንጣፍ ከቤት ወጣ፤ በምትኩም ወለሉ በሰም ተወለወለ።

ሦስተኛውን ጣውላ ከመምታታቸው በፊት አናጢው ወደ እናቱ ቀርበው «እሜቴ፥ ይህን ላላ አድርጌ ልተወው? እንደ ድሮው ይናገር እንደ ሆነ» ብለው ጠየቁ። ሰው የወለልን ድምፅ መውደዱ እንግዳ ነገር አይደለም። በጃፓን አገር፥ በኪዮቶ ከተማ፥ ከ1603 የአውሮፓ ዓመት ጀምሮ የቆመ ኒጆ የሚባል ቤተ መንግሥት አለ፤ በአዳራሾቹ ዙሪያ ያለውን ወለል ሲረግጡት እንደ ወፍ ይዘምራል። ድምፁም የሚወጣው ከጣውላው ሥር ያሉት ብረቶችና ምስማሮች ሲፋተጉ ነው። ሕዝቡም ሌሊት ተሸሽጎ የሚገባውን ጠላት ያስታውቃል እያለ ሲናገርለት ኖሯል። ጎብኚዎችም ይህን ድምፅ ለመስማት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። በዚያ ዝም ቢል ኖሮ ያዘኑበት ነበር።

እናቱ ግን ለአናጢው ሲመልሱ «አጥብቃችሁ ምቱት» አሉ። «ወንድሜ ዛሬ ቢመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሰውነቱም ቀንሷል፤ አረማመዱም እንደ ድሮው አይሆንም። ጣውላውም አያውቀው ነበር። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ጣውላው ተመታ፤ ዝምም አለ። ሕፃኑ የዚያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛ።

በማግሥቱ ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ምራቲቱ ከገበያ ተመልሰው በእናቱ ፊት ሲያልፉ እናቱ ደንግጠው «ማነው?» አሉ። ከሰዓት በኋላ መምህሩ ሲገባም እንደዚያው «ማነው?» አሉ። እኒያ ማንም ሳይነግራቸው ሁሉን ያውቁ የነበሩ እናት በዝምታው ውስጥ ዐይናቸው ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ጠፋ ሆኑ። መምህሩ ይህን ባየ ጊዜ ወለሉን በማስተካከሉ እስከ መጸጸት ደረሰ። ነገር ግን ሌሊቱን ሲያስብበት ሌላ ነገር ተገለጠለት። በዚህ ቤት ውስጥ ዐሥር ዓመት ሙሉ ከደጅ ሲገባ ለእናቱ «እኔ ነኝ» ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም በፊታቸው ዝም ብለው ያልፉ ነበር፤ ጣውላው አለላቸውና። አንድ እንጨት የልጅን ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አንድ ሥርዐት ገባ። ማንም ሰው ከመድረኩ እንዳለፈ ቆሞ «እማዬ፥ እኔ ነኝ፤ ደኅና ዋላችሁ?» ይላል፤ ስለ ገበያው፥ ስለ ትምህርት ቤቱ፥ ስለ መንገዱ አንድ ነገር ይነግራቸዋል። በመጀመሪያ ለቤቱ ሰዎች እንግዳ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ይረሱት ነበር። በኋላ ግን ለመዱት፤ ለሰላምታ የቆመውም ሰው ብዙ ጊዜ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ጀመር። እናቱም ከዚያ በፊት የማንን እግር እንደ ሰሙ ብቻ ያውቁ ነበር፤ አሁን ግን የሰውየውን ቀን ምን እንደ መሰለ አወቁ። ስለ ወንድማቸውም ጥቂት በጥቂት ይናገሩ ጀመር፤ የሚወደውን ምግብና የሚቀልደውን ቀልድ ሳይቀር።

በጥር ወር፥ ደረቁ ነፋስ በበረታ ጊዜ፥ ከሳሎኑ ጥግ አንድ ጣውላ እንደ ገና በቀጭኑ ሲጥ አለ። መምህሩ መዶሻ ለማንሣት አልተቻኰለም። ጫማውን አውልቆ ቀረበና በዝግታ ረገጠው፤ እንደ ገናም ረገጠው፤ ጎንበስ ብሎም አዳመጠ። ከሥር የሚመጣ አልነበረም፤ ሁለት ጣውላ በበጋው ተኰማትረው ጎን ለጎን የሚያወሩት ነበር። ስለዚህ ተወው።

በቤታችንም ሆነ በኑሯችን የሚጮኸው ነገር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ዝም ያለውም ሁሉ ደኅና አይደለም። አንዳንዱ ድምፅ የዕድሜ ነው፤ አንዳንዱ የወቅት ነው፤ አንዳንዱ ግን ከሥር የበሰበሰውን የሚናገር ነው። ሦስቱንም በአንድ መዶሻ ዝም ማሰኘት ለጊዜው ዕረፍት ይመስላል፤ ኋላ ግን ጕድጓዱን ያሰፋዋል። ብልህ ሰው አስቀድሞ ጫማውን አውልቆ ያዳምጣል፤ ቀጥሎም የራሱ እጅ የደፈነው ቀዳዳ እንዳለ ይመረምራል፤ ከዚህ በኋላ ነው መዶሻውን የሚያነሣው።